ሰከን ማለት ይለመዳል፦ የታኦ ልምምድ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ቡና ስናፈላ ጀበናውን ከእሳት አውርደን ወዲያው አንቀዳም። ማቶቱ ላይ ዘንበል አድርገን እስኪሰክን እንጠብቃለን። የቸኮለ ሰው አተላውን ይጠጣል። ቶሎ እንዲሰክን ላድርገው ብትሉም አይሆንም፣ ብትነቀንቁት ይብሳል፣ ብታራግቡበትም ለውጥ የለውም፣ ያለው ሥራ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው።

ታኦይዝም የሚባለው የቻይናውያን ጥበብ ለእኔ የገባኝ በዚህ በኩል ነው። ታኦ ቴ ቺንግ የሚባለው መጽሐፋቸው 15ኛ ምዕራፍ ላይ የደፈረሰ ውሃ ያነሳና፣ ዝም ብሎ አቆይቶ ቀስ በቀስ እንዲጠራ የሚያደርግ ማነው ብሎ ይጠይቃል። ሳነበው እናቴ ትዝ አለችኝ። ክረምት ላይ የቧንቧው ውሃ ደፍርሶ ሲመጣ በባልዲ ቀድታ ታሳድረዋለች። ጠዋት ከላይ ያለውን ቀስ አድርጋ ወደ ሌላ ዕቃ ትገለብጣለች፣ ደለሉ ከታች ይቀራል። ውሃውን እንዲህ ማድረግ ሁላችንም እንችልበታለን። በራሳችን ላይ ግን አናደርገውም። እንዴት እንደሚደረግ የለመድኩትን ልንገራችሁ።

ደሴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው የምውለው። ልምምዱን የጀመርኩት ትከሻዬ ተቆልፎ አልላላ ባለበት፣ ከሰው ጋር ደግሞ በትንሹም በትልቁም መጋጨት ባበዛሁበት ጊዜ ነው።

ደሴ ላይ ይሄን ወሬ ሳነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ሃይማኖት ነው እንዴ?" የሚል ነው። ደግ ጥያቄ ነው፣ በቀጥታ እመልሳለሁ። ቻይና ውስጥ ታኦይዝም ቤተ መቅደስ፣ ካህናትና ብዙ አማልክት ያሉት ሃይማኖትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ መጻሕፍት፣ ተረቶችና የሰውነት ልምምዶች ደግሞ አሉ። እኔ የያዝኩት ሁለተኛውን ነው። ሶላታችሁም ጸሎታችሁም ባለበት ይቀጥላል፣ የሚሰገድለት አዲስ ነገር የለም። እዚህ ከምጽፈው ውስጥ እምነታችሁን የሚነካ ካገኛችሁ ተዉት፣ የቀረው ብቻውን ይሠራል።

ስለ መጽሐፉ ትንሽ። ታኦ ማለት መንገድ ማለት ነው። ታኦ ቴ ቺንግ 81 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፣ በቻይንኛ 5,000 ያህል ፊደል ብቻ ነው። የጻፈው ላኦ ዙ ነው ይባላል። በሀገሩ ነገር ተስፋ ቆርጦ ወደ ምዕራብ ሲሄድ የኬላው ጠባቂ ከመሄድህ በፊት ጻፍልን ብሎት ነው የጻፈው የሚል የቆየ ትረካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 ጉዎዲያን በሚባል ቦታ ከአንድ መቃብር ውስጥ የዚህ መጽሐፍ ክፍሎች በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ተጽፈው ተገኝተዋል፣ ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 300 ዓመት ይጠጋል። ይሄን ያህል ካወቃችሁ ይበቃል። መጽሐፉን ሸምድዶ ትከሻው እንደተቆለፈ የቀረ ሰው ምንም አላተረፈም።

የላላች እጅ

ዉ ዌይ የሚባል ቃል አላቸው። ቃል በቃል ሲፈታ "አለማድረግ" ነው፣ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ስንፍና የሚመስለው። እነሱ ግን ያለ ግብግብ መሥራት ማለታቸው ነው፣ ነገሩ በራሱ የሚሄድበትን አይቶ አብሮት መሄድ።

የስፌት መኪና የነካ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ከመርፌው ስር ትንንሽ ጥርሶች አሉ። ጨርቁን ወደ ኋላ የሚስቡት እነሱ ናቸው። የሰፊው እጅ መዳፉን ዘርግቶ ጨርቁ እንዳይጣመም ይመራል፣ አለቀ። ለማጅ ግን ጥርሶቹን አያምናቸውም፣ ከኋላ ይጎትታል። ሲጎትት መርፌው ይጎብጣል፣ የጎበጠው መርፌ ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ይመታል፣ ቀጭ ይላል።

እኔ ለማጅ አልነበርኩም። ግን አንድ የአረፋ ዋዜማ፣ ደንበኞች ልብሳቸውን በር ላይ ቆመው እየጠበቁ፣ በአንድ ምሽት ሦስት መርፌ ሰበርኩ። የሦስተኛው ስባሪ ጉንጬን ነካ አድርጎኝ አለፈ። እጄን ከጨርቁ ላይ አንስቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። መርፌ ቀይሬ እንደገና ስጀምር እጄን አላላሁና ፔዳሉን ብቻ ረገጥኩ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ልብሶቹም ደረሱ። እግሬ አላረፈም፣ ዓይኔ ከመርፌው አልተነሳም፣ የቀረው መጎተቱ ብቻ ነው። ዉ ዌይን ለሚጠይቀኝ ሰው የማሳየው ያቺን የላላች እጅ ነው።

ቢላው ለምን 19 ዓመት ቆየ

ጁዋንግ ዙ የሚባለው ሌላው የታኦ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ ነው። በስሙ በሚጠራው መጽሐፍ ውስጥ እኔ ከሁሉም የምወዳት ታሪክ 3ኛው ምዕራፍ ላይ ያለችው የሥጋ ቆራጩ የዲንግ ታሪክ ናት። ዲንግ በመስፍን ፊት የበሬ ብልት ሲያወጣ፣ ቢላው የሚያወጣው ድምፅ ዜማ አለው፣ እጁና ትከሻው እግሩና ጉልበቱ እንደ ጭፈራ ይሄዳል። መስፍኑ ተደንቆ እዚህ እንዴት ደረስክ ይለዋል። ዲንግ ቢላውን አስቀምጦ ያስረዳል። መጀመሪያ ሥራውን ስጀምር የሚታየኝ ድፍኑ በሬ ነበር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ድፍን በሬ ማየት ተውኩ። ተራ ቆራጭ በየወሩ ቢላ ይቀይራል፣ አጥንት ስለሚመታ። ጎበዙ በዓመት አንዴ ይቀይራል። የእኔ ቢላ 19 ዓመቱ ነው፣ ስንት ሺህ በሬ ወጥቶበታል፣ ስለቱ ግን አሁን ከሞረድ እንደወጣ ነው። መገጣጠሚያ ላይ ክፍተት አለ፣ ስለት ደግሞ ውፍረት የለውም። ውፍረት የሌለው ነገር ክፍተት ውስጥ ሲገባ ቦታ ይተርፈዋል።

ይሄን ለመረዳት ቻይና መሄድ አያስፈልግም። ዶሮ 12 ብልት የሚወጣበት ቤት ያደገ ያውቀዋል። እናቴ ስታስተምረኝ ቢላውን ቀድማ አታነሳም ነበር። የዶሮዋን እግር ይዛ ወዲህ ወዲያ ታጥፈዋለች፣ አውራ ጣቷን መጋጠሚያው ላይ አድርጋ። "ቢላውን አትጫኚው። በጣትሽ ፈልጊው፣ ካገኘሽው ራሱ ይከፈታል" ትለኝ ነበር። እኔ አጥንቱ ላይ ስጫን ስብርባሪው ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ያ ደግሞ ኋላ ወጡ ውስጥ እንግዳ ጥርስ ላይ ነው የሚወጣው።

ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ አንድ ነገር ይዘላል። ዲንግ ሁሌም ይቀለኛል አላለም። የተወሳሰበ ቦታ ስደርስ አስቸጋሪነቱን አይቼ እጠነቀቃለሁ፣ ዓይኔን እተክላለሁ፣ እጄን አዘገያለሁ፣ ቢላውን እምብዛም አላንቀሳቅሰውም ነው ያለው። ከዚያ ድንገት ሥጋው እንደ አፈር ጓል ይወድቃል። ስለዚህ ያለ ግብግብ መሥራት ግድ የለሽነት ማለት አይደለም። ከባዱ ቦታ ላይ ጉልበት ሲጨመር ነው ቢላ የሚሰበረው፣ እሱ የጨመረው ጥንቃቄ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በየቀኑ የምትሠሩትን አንድ ሥራ ምረጡ፣ ለአንድ ሳምንት እሱን ብቻ። ሽንኩርት መክተፍ ይሁን፣ ልብስ ማጠብ፣ ኮምፒዩተር ላይ መጻፍ፣ ባጃጅ መንዳት። ሥራው መሃል ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆም በሉና ሰውነታችሁን ፈትሹ። ሽንኩርት የሚከትፍ እጅ ነው፣ ታዲያ መንጋጋ ለምን ተነከሰ? ትከሻ ለምን ወደ ጆሮ ወጣ? ትንፋሽስ ለምን ቆመ? ለሥራው የማያስፈልገውን ልቀቁ፣ የሚያስፈልገው ይቆይ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ራሳችሁን ከያዛችሁ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መንጋጋችሁን ሁሌም ተነክሶ ነው የምታገኙት፣ እሱ ደህና ምልክት ነው፣ በፊትም ተነክሶ ነበር፣ አሁን አያችሁት።

እንደ ግንድ መቆም

ቻይናውያን ሰውነትን ማፍታታት ከጥንት የያዙት ነገር ነው። ማዋንግዱይ በሚባል ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ከተዘጋ መቃብር ውስጥ 44 ሰዎች ሲንጠራሩና ሲተጣጠፉ የሚያሳይ የሐር ሥዕል ወጥቷል። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ግን ምንም መተጣጠፍ የለበትም። መቆም ነው። ጃን ጁዋንግ ይሉታል፣ ዛሬ ታይ ቺና ቺ ጎንግ የሚባሉትን ዝግ ያሉ የቻይና የሰውነት ልምምዶች ከሚሠሩ ሰዎች ጋር አብሮ የሚለመድ ነው።

ደሴ ያላችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመቻል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርቡ፣ የበረደው ሰውነት አይላላም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሱ።

እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፣ ጣቶች ወደ ፊት። ጉልበታችሁን አትቆልፉት፣ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ሰው እንደሚያላላው አድርጉት። ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ልትቀመጡ ስትሉ ወገብ እንደሚወርደው ትንሽ ወደ ታች ልቀቁት። አናታችሁ ላይ ክር ታስሮ ቀስ ብሎ ወደ ላይ የሚስበው ይመስል አንገታችሁ ይርዘም፣ አገጭ ትንሽ ወደ ውስጥ። ከዚያ ሁለት እጃችሁን በደረት አንሱና እንስራ እንዳቀፋችሁ አድርጉ። ሞላ ያለ እንስራ፣ ብትጨብጡት የሚሰበር፣ ብትለቁት የሚወድቅ። ክርን ከትከሻ ዝቅ ይበል፣ ጣቶች ይከፋፈቱ። ዓይናችሁ ገርበብ ብሎ ሩቅ ይይ። በር ላይ ሆናችሁ የጦሳ ተራራ የሚታያችሁ ከሆነ ጦሳን እዩ።

መጀመሪያ ሳምንት 3 ደቂቃ ብቻ። የስልካችሁን ሰዓት ሙሉና ዞር አድርጋችሁ አስቀምጡት። በየሳምንቱ አንድ ደቂቃ ጨምሩ፣ 10 ስትደርሱ እዚያው ብትቆዩም በቂ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ትከሻ መቃጠል ይጀምራል። እዚህ ነው ሁሉም ሰው ጥርሱን ነክሶ መቻሉን ማሳየት የሚፈልገው። ተዉት። እጃችሁን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉና ተንፍሱ። ጭን ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም፣ ጉልበት ከታመመ ግን ቀና ብላችሁ ቁሙ፣ ካልተሻለ አቁሙ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ቶሎ የሚያዞራችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ወንበር ጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦም ይሠራል።

ቆማችሁ ሳለ ሥራችሁ ከላይ ወደ ታች መልቀቅ ነው። ግንባር፣ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ሆድ። ትንፋሽ ስታወጡ አንዱን ልቀቁ። ትንፋሽን አትቁጠሩ፣ አትያዙት፣ በአፍንጫ ገብቶ ሆዳችሁን ትንሽ ገፋ አድርጎ ይውጣ። ጁዋንግ ዙ ተራ ሰው በጉሮሮው፣ እውነተኛ ሰው በተረከዙ ይተነፍሳል ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ምንም አልገባኝም ነበር። ሁለት ወር ከቆምኩ በኋላ ትንፋሼ ሲወጣ ክብደቴ እግሬ ስር ሲወርድ ይሰማኝ ጀመር፣ ያኔ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ተፈታ። የትከሻዬ ቁልፍም የተከፈተው በዚያው ሰሞን ነው።

በአቦልና በቶና መሃል

ተቀምጦ መርሳት የሚሉት አለ፣ ዙዎ ዋንግ። የጁዋንግ ዙ መጽሐፍ 6ኛ ምዕራፍ ላይ የን ሁዪ የሚባል ተማሪ መምህሩ ኮንፊሽየስ ጋ እየተመላለሰ ተሻሽያለሁ ይላል፣ ይሄን ረሳሁ፣ ያንን ረሳሁ እያለ። መጨረሻ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እረሳለሁ ሲለው መምህሩ እንግዲያው እኔ ልከተልህ ይለዋል።

እኛ ለዚህ የተዘጋጀ ሰዓት አለን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪሰክን ያለው ጊዜ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ጀርባ ቀጥ፣ እጅ ጭን ላይ። የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ፣ የልጆች ጩኸት ይሰማ፣ ማባረር የለም። ሐሳብ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ፣ ትናንት የተባላችሁት ነገር። አትከራከሩት፣ አታሳምሩት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ "አሁን ሰከንኩ ወይ?" እያላችሁ አትፈትሹ። ጀበናውን ሰክኖ እንደሆነ ለማየት የሚነቀንቅ ሰው መልሶ ያደፈርሰዋል። 5 ደቂቃ በቂ ነው። ከሰው ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ተዉት፣ ቡና ላይ ጨዋታ ይሻላል፣ ጎረቤትን ዘግቶ ዓይን መጨፈን እኛ ዘንድ ነውር ነው።

ባዶዋ ጀልባ

ሰው ወንዝ እየተሻገረ ባዶ ጀልባ መጥታ ብትገጨው፣ ቁጡ ሰው እንኳ ቢሆን አይናደድም። ጀልባዋ ላይ ሰው ካለ ግን ይጮኻል፣ ካልሰማው ይሳደባል። ግጭቱ ያው ነው። ይሄም የጁዋንግ ዙ ነው፣ 20ኛ ምዕራፍ።

ደሴንና ኮምቦልቻን በሚያገናኘው በሐረጎ መንገድ የተመላለሰ ይሄን ያየዋል። ዝናብ ጥሎ ካደረ መንገዱ ላይ ድንጋይ ወርዶ ይገኛል። ሾፌሩ ዝም ብሎ ዞሮት ያልፋል፣ ድንጋይ አይሰደብም። እዚያው ቦታ ላይ መኪና ቆሞ ቢሆን ግን ክላክሱን አስር ጊዜ ነፍቶ፣ መስኮት አውርዶ፣ እናት አባት ሳይቀር ያነሳ ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን ምረጡ፣ የገበያ ቀን ይሁን፣ ሰኞ ገበያ ግፊያ አይጠፋም። በዚያ ቀን የሚደርሱባችሁን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነገሮች እንደ ወረደ ድንጋይ ቁጠሯቸው። የገፋችሁ ሰው፣ ሰልፍ የዘለለ፣ ሰላምታ ያልመለሰ። ዞራችሁ እለፉ። አራተኛው ላይ ከተናደዳችሁ ተናደዱ። ይሄ ግን ደመወዛችሁን ለሚበላ፣ ለሚመታችሁ፣ ደካማን ለሚያንገላታ ሰው አይደለም። እዚያ ላይ መናገር አለባችሁ፣ መክሰስም ካለባችሁ ክሰሱ። ዲንግም መቁረጡን አላቆመም።

"ለኸይር ነው" መቼ ይባላል

በድንበር አካባቢ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ፈረሱ ጠፋበት። ሰው ሊያጽናናው ሲመጣ፣ መልካም እንደማይሆን በምን አወቃችሁ አለ። ፈረሱ ሌላ ምርጥ ፈረስ ይዞ ተመለሰ። እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት፣ ክፉ እንደማይሆን በምን አወቃችሁ አለ። ልጁ ከፈረሱ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። በዓመቱ ጦርነት መጣ፣ ከዘመቱት አብዛኞቹ አለቁ፣ ልጁ በአንካሳነቱ ተረፈ። ታሪኩ ሁዋይናንዙ በሚባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተዘጋጀ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ወሎ ላይ ለዚህ "ለኸይር ነው" እንላለን፣ "አብሽር" እንላለን። እኔ አንድ ነገር በብርቱ እለምናችኋለሁ። ይሄን ታሪክ ለራሳችሁ ተጠቀሙበት፣ ጨረታ ሲያመልጣችሁ፣ ልጃችሁ ፈተና ሲወድቅ፣ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን አሳድሩት። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ግን ይሄን አትተርኩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነት ደሴንም ኮምቦልቻንም ነክቷል፣ በየሰፈሩ ልጁን ያጣ ሰው አለ። ጁዋንግ ዙ ራሱ ሚስቱ ስትሞት መጀመሪያ እንደማንም ሰው አዝኗል፣ እንዴት አላዝን ነበር ብሎ ነው የሚናገረው። ሐዘንተኛ አጠገብ ሥራችን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ እሱም ታኦ ነው።

ማታ አንድ ነገር መቀነስ

የታኦ ቴ ቺንግ 48ኛው ምዕራፍ ዕውቀት የሚሻ በየቀኑ ይጨምራል፣ ታኦን የሚሻ በየቀኑ ይቀንሳል ይላል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ነገ የማታደርጉትን አንድ ነገር ምረጡ። ትንሽ ይሁን። አልጋ ውስጥ ስልክ ማየት፣ የሰውን ወሬ ማቋረጥ፣ ያላስፈለገ "እሺ"። አንዷን ብቻ። እኔ ከሁሉም የከበደኝ ሰው ሳይጨርስ መልስ መስጠትን መተው ነበር፣ አሁንም ያመልጠኛል።

ከቦርከና ጋር መውረድ

በወር አንዴ ይሄን አድርጉ። የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ከኮምቦልቻ ብትነሱም ከደሴ ብትነሱም የሚመቻችሁን ቦታ ምረጡና ለአንድ ሰዓት ያህል ዳር ዳሩን ሂዱ፣ ወሬ ሳታወሩ። ከአንድ ጓደኛ ጋር ብትሆኑ ይሻላል። የታኦ ቴ ቺንግ 8ኛው ምዕራፍ ላይ ከሁሉ የበለጠው ደግነት እንደ ውሃ ነው ይላል፣ ሁሉን ይጠቅማል፣ አይጣላም፣ ሰው የሚንቀው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ቦርከና የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚወርደው፣ ይሄን ማየት ያማል። እኔ ስሄድ የማዳበሪያ ከረጢት ይዤ የቻልኩትን ፌስታልና ፕላስቲክ እለቅማለሁ፣ እናንተም ያዙ።

አንድ ድንጋይ ምረጡና ውሃው ምን እንደሚያደርገው አሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከፊት ይመጣል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ከኋላ ይገናኛል። ድንጋዩን ዳሰስ አድርጉት፣ ውሃው የሚነካው ጎን ለስላሳ ነው፣ ደረቁ ጎን ሻካራ። ከዚያ ትከሻችሁ የት እንዳለ ተመልከቱና ተነሱ። ክረምት ላይ ወንዙ በድንገት ይሞላል፣ ወደ ላይ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አትውረዱ። በበጋም ቢሆን ዳሩ ያንሸራትታል፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ።